የጓያ እንፋሎት

ጓያ ሲቀቀል የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። የባቄላ ሽታ አይደለም፤ የምስርም አይደለም። ዝናብ ያገኘው ጆንያ ፀሐይ ላይ ውሎ የሚሸተውን ዓይነት ነው። ሽሮው ግን ይጥማል። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ይጥማል፣ ያጠግባል፣ ርካሽ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ ወሬ እሰበስብ ነበር። ቢሮዬ ጣሊያኖች ትተውት ከሄዱት ሕንፃ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ወደ ገበያው መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት። የማልጥሳት ደንብም ነበረችኝ፤ ሦስት ሰው ያላጸናልኝን ነገር አልጽፍም። አንድ ሰው ይዋሻል፣ ሁለት ሰው ይስማማል፣ ሦስት ሰው ግን ተስማምቶ ለመዋሸት ይቸገራል ብዬ አምን ነበር።

ከተማው ስለ ምግብና ስለ ጤና አላውቅም የሚለው ነገር አልነበረም። ጥሬ ሥጋ ደም ይሆናል፣ የተቀቀለው ግን ጉልበቱ በጭሱ ይሄዳል ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ሰዎች በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተው ከጓሮ ጓሮ ሲያቃስቱ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ኮሶ የሌለበት ሰው ጤነኛ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ወተት ይከለከላል። ተቅማጥ የያዘው ውሃ ይከለከላል። ለታመመ ሰው ፉርኖ ዳቦ በስኳር ሻይ ይመጣለታል፤ የገብስ ገንፎው የድኻ ነው ተብሎ ይመለሳል። አንድ ጎረቤቴ የአራት ወር ልጁን ጡት አስጥሎ በጣሳ ወተት ሲያሳድግ፣ ባዶ ጣሳውን እንግዳ እንዲያየው መስኮት ላይ ይደረድር ነበር። ጣሳው በዛ፣ ልጁ ቀጠነ። ይህን ሁሉ ሳይ ያንገሸግሸኝ ነበር። እኔ ከእነዚህ ሰዎች ወገን አይደለሁም እል ነበር።

የዚያ ዓመት መስከረም ሳያልቅ በደጋው ላይ በረዶ ወረደ። ታላቅ ወንድሜ የሚያርሰው ኮሶዬ በምትባል የደጋ መንደር ነው፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ብርዱ ከበጋ እስከ ክረምት ከማይለቅበት ገመገም ላይ። ገብሱና ባቄላው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተወቅቶ ከጭቃ ጋር ተለወሰ። ወሬውን በአራት መስመር ጽፌ ላክሁ፤ አልወጣም።

አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልጨረስሁም ነበር። ከተማ አስገብቶ ያስተማረኝ ይህ ወንድሜ ነው። በየወሩ ስንቄን በትከሻው ተሸክሞ፣ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ከኮሶዬ ጎንደር በእግሩ ይወርዳል። አውርዶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ያድርና በማግስቱ ይመለሳል። ‹አያ› ነው የምለው። የአባቴ መልክ ጠፍቶብኛል፤ የእሱ እግር ግን አልጠፋኝም፤ ባቱ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ መንገድ የማይሰለቸው እግር።

ደጋው ጓያን አያውቀውም። ጓያ የደምቢያ ሜዳ፣ የጥቁር አፈር እህል ነው። ዝናብ ቢቀርም ይበቅላል፤ ውሃ ቢተኛበትም ይበቅላል፤ በክፉ ዓመት ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ ገበያ ላይ ይገኛል። በደምቢያ በየቤተ ክርስቲያኑ በር በሁለት ዱላ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በጣታቸው ጫፍ የሚራመዱ ጎልማሶች አሉ። ‹ጓያ ሰበረው› ይባላሉ። ጓያ ሰው እንደሚሰብር ያልሰማ የለም። እንዴት እንደሚሰብር ግን ሰው ሁሉ አንድ ታሪክ ነበረው።

ኅዳር ላይ ጓያው በአህያ እየተጫነ የጎንደርን ገበያ ሞላው። ከደጋ የወረደው ሰው ያልለመደውን እህል በእፍኙ እያገላበጠ ያየዋል። አለቃዬ ጠራኝና «ሕዝቡ ስለ ምግብ ጥንቃቄ አንድ ነገር ይጻፍለት» አለኝ። እኔም ደንቤን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት አንዲት እህል የሚሸጡ አሮጊት ነው።

«እናቴ፣ ጓያ ሰው ይሰብራል ይባላል፤ እርስዎ እንዴት ይሸጡታል?»

«ጓያው ምን አደረገ ልጄ? እንፋሎቱ ነው እንጂ! ድስቱን ሲከፍቱ ፊት ካልዞረ በአፍንጫ ይገባና ጉልበት ላይ ይቀመጣል። እህሉማ እህል ነው።»

«እርስዎ ይበሉታል?»

«እኔማ ጥርስ የለኝ!» ብለው ሳቁ። አጠገባቸው ያሉትም ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ወደሚቀጥለው አለፍሁ።

ሁለተኛው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በር የተቀመጠ፣ ከደምቢያ የመጣ የተሰበረ ሰው ነበር። ዕድሜው ከወንድሜ አይበልጥም።

«ምን ነካህ?» አልሁት።

«ጓያ ነዋ።»

«ስትበላው?»

«ኧረ ስበላውማ ስንት ጊዜ በልቼዋለሁ! ክረምት ከበጋ ስበላው ምን ሆንሁ? አንድ ቀን ሚስቴ ስትቀቅል ድስቱ አጠገብ እንቅልፍ ጣለኝ። እንፋሎቱ ተጫወተብኝ። ስነሣ እግሬ እንጨት ሆኗል። ቀኑንም አውቀዋለሁ፤ የሚካኤል ማግስት ነበር።»

ይህን ቃል በቃል ጻፍሁት። ማስታወሻዬ ላይ ‹ክረምት ከበጋ ስበላው› የሚለው በራሴ እጅ ተጽፎ ይገኛል። ጽፌዋለሁ እንጂ አልሰማሁትም።

ሦስተኛው ፎቃችን ላይ የሚሠራ፣ መነጽር የሚያደርግ ጸሐፊ ነበር። «እንፋሎቱ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ» አለኝ። የትኛው መጽሐፍ ብዬ አልጠየቅሁትም። ሦስት ሞላልኝ። ሦስቱም ከአንድ ወሬ የቀዱ መሆናቸው አልታየኝም። ሆስፒታሉ ከቢሮዬ ብዙም አይርቅም፤ በእግር እደርስ ነበር። ጉዳዩ የምግብ እንጂ የመድኃኒት አይደለም ብዬ አልሄድሁም።

ጽሑፉ ወጣ። አሁንም በቃሌ እችለዋለሁ። «የጓያ እንፋሎት ለጉልበት ጠንቅ ስለሆነ፣ ጓያ የሚቀቀለው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይሁን። ክዳኑ ሲነሣ ፊት ይዙር፤ አፍና አፍንጫ በነጠላ ይሸፈን። ይህ ጥንቃቄ ከተደረገ ጓያ ርካሽና ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ነው።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ማንም አልነገረኝም። ጽሑፉ መዝጊያ ስለጎደለው እኔ ጨመርኋት።

ለጥምቀት ወንድሜና ሚስቱ ከኮሶዬ ወረዱ። ቀሐ ወንዝ ዳር ታቦቱን ከሚጠብቀው ሰው መካከል አገኘኋቸው። ወንድሜ ዱላውን ይዞ ከጎበዞቹ ጋር ሲጨፍር ላብ አጥልቆታል። እንደ ጠቦት ነበር የሚዘለው። ሲያየኝ ጭፈራውን ትቶ መጣ።

«ጻፍህልን አሉ! የኛ ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን አቁመው አነበቡት። ‹ይህ የማን ልጅ ነው?› ሲባል ደረቴን ነፋሁ!»

«ጓያ እየበላችሁ ነው እንዴ?»

«ምን ልንበላ ኖሯል? ሸጋ እህል ነው! እሷ ድስቷን ይዛ ሜዳ ትወጣለች። በነጠላዋ ተከናንባ ስታያት ሌባ ትመስልሃለች።»

«ሌባ ይበለኝ!» አለች ሚስቱ። «ዋርሳዬ፣ ወንድምህ እኮ ሙሽራ ሆኗል። ድስቱ ሲከፈት ከአጥር ወዲያ ይሸሻል፤ ሲቀርብ ግን ማንም አይቀድመው!»

ሦስታችንም ሳቅን። እሱ ተመልሶ ጭፈራው ውስጥ ገባ። ጽሑፌ ሰው ጋ ደርሶ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ነበርና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሁዳዴ ከተያዘ ወዲህ፣ መጋቢት ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ መስኮቴ አጠገብ ቆሜ ገበያተኛውን አያለሁ። ከደባርቅ የመጣ ካሚዮን ሰው አራገፈ። ከወረዱት አንዱ ወንድሜ ነበር። በጣቶቹ ጫፍ ብቻ እየረገጠ፣ ጉልበቱ እየተጋጨ፣ ትኩስ አመድ ላይ እንደቆመ ሰው ይራመዳል። ወንድሜ ቀልደኛ ነው፤ የሰው አረማመድ እያስመሰለ መንደሩን ያስቅ ነበር። እኔን መስኮቱ ላይ አይቶ እየቀለደ መሰለኝ። ከላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ከኋላው የወረደችው ሚስቱ ቀና ስትል ፊቷን አየሁ።

ደረጃውን በሩጫ ወረድሁ።

«ምነው አያ?»

«እንጃ» አለ። «ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ከእርሻ ስገባ ባቴ ተኮማተረ። ደክሞኝ ነው ብዬ ተኛሁ። ጧት ስነሣ እግሬ የኔ አይደለም።»

«እንፋሎቱን አላሸተተም!» አለች ሚስቱ ቀድማ። ሰው ዘወር ብሎ እስኪያየን ድረስ ጮኸች። «በማርያም! አንድ ቀንም! ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ ዋርሳዬ። የማሸተው እኔ ነኝ፤ ይኸው ደኅና ነኝ!»

ከሦስቱ ሰዎች ካገኘሁት ሁሉ ይልቅ እውነተኛው ማስረጃ ይህ ነበር። በየቀኑ ድስቱ ላይ የምትቆመው ደኅና ናት፤ ከአጥር ወዲያ የሚሸሸው ተሰብሯል። ይህን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም ነበር።

ሆስፒታል ወሰድሁት። ያየው ወጣት ሐኪም እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ። እግሩ እንደ ወጥመድ ተፈናጠረ። ሐኪሙ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምን ይበላል?»

«ጧት ንፍሮ፣ ቀን ቂጣ፣ ማታ ሽሮ።»

«ሁሉም ጓያ?»

«ሌላ ምን አለና? የንፍሮውን ውሃ ደግሞ ለእሱ ብቻ ነው የምሰጠው።»

«ለምን ለእሱ ብቻ?»

«ጉልበቱ ያለው ውሃው ላይ ነዋ!» አለች፤ የሐኪሙ አለማወቅ እያስገረማት። «የሚያርሰው እሱ ነው። ወፈር ያለውን፣ ከሥር ያለውን እያልሁ ሙሉ ዋንጫ። እኔማ ከጎረቤት በተለመነች ገብስ ቂጣዬን እየደባለቅሁ የተረፈውን ነው የምበላ።»

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር። ፊቱን ሳያዞር ነገራት። «እንፋሎቱ ምንም አያደርግም። መርዙ ያለው እህሉ ውስጥ ነው። ሲዘፈዘፍና ሲቀቀል ወደ ውሃው ይወጣል። እህሉን ብዙ የበላ፣ ውሃውንም የጠጣ፣ በዚያም ላይ በሥራ የደከመ ሰው ይሰበራል።»

ቃሉ ትክክል ነበር። ሐኪሙ ያላየው ነገር ቢኖር ለማን እየተናገረ መሆኑን ነው። ሚስቱ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«እንፋሎት ነው ያላችሁ ማን ነው?» አለ ሐኪሙ።

ወንድሜ አላየኝም። ግድግዳውን እያየ «እንዲያው፣ ሰው ይላል» አለ።

አፌን ከፍቼ ‹እኔ ነኝ› ማለት ነበረብኝ። አላልሁም፤ ምራቄ መረረኝና ዋጥሁት። ብዙ ቆሻሻ ነገር በሥራዬ አይቻለሁ፤ በዚያች ደቂቃ እንደ ራሴ የቀፈፈኝ ግን የለም።

«ይድናል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ካሁን ጀምሮ ከተወው ላይብስ ይችላል። የሄደው አይመለስም።»

«የሚበላ ሌላ ከሌለስ? መንደሩ ሁሉ የሚበላው እሱን ነው።»

ሐኪሙ አሰበ። «በብዙ ውሃ አሳድረው ውሃውን ይድፉ። ሲቀቅሉም ውሃውን ይድፉ። የተገኘውን ገብስ ይደባልቁበት። ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌላ እህል የተገኘ ቀን ይተዉት።»

ሁለቱን ቤቴ አሳርፌ ሰኞ ጧት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። የተስተካከለውን ጽሑፍ ይዣለሁ፤ ሐኪሙ ያለውን፣ የቀድሞው ጽሑፍ ስሕተት መሆኑን፣ ጥፋቱም የኔ መሆኑን። አለቃዬ ጿሚ ነው፤ ቁርስ አይበላም፤ ነገር ግን ለሆድ ማለስለሻ ነው እያለ በማር የተበጠበጠ ተልባ አጠገቡ ያስቀምጣል። አንብቦ ሲጨርስ ብርጭቆውን አነሣ።

«የባላገር ሆድ ሌላ ነው» አለኝ። «እኔና አንተን የሚገድለን ለእነሱ ስንቅ ነው። ድንጋይ ቢበሉ ይፈጩታል።»

«ወንድሜ ተሰብሯል፣ ጌታዬ።»

«አዝናለሁ። ግን ጋዜጣ አንድ ጊዜ ያወጣውን መልሶ ከዋጠ ማን ያነበዋል? ደግሞስ ጓያ መርዝ ነው ካልህ፣ ሕዝቡ ምን እንብላ ይልሃል። ምን ልትለው ነው? እህል ጠፍቷል ልትል ነው? በጋዜጣ?»

ተልባው ከንፈሩ ላይ ተዝለግልጎ ቀርቶ ነበር። በመሐረብ ጠረገው። ወረቀቴን ከመሳቢያው ውስጥ ከተተው። ‹እህል ጠፍቷል› የሚለው ቃል በዚያ ዘመን እንደማይታተም አውቃለሁ፤ የበረዶውን ወሬም ያላወጡት ለዚሁ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር በካሚዮን ኮሶዬ ወጣሁ። ቤታቸው እንደገባሁ መጀመሪያ ያየሁት ጽሑፌን ነው። ቆርጠው በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል፤ ጭስ አጥቁሮት ፊደሉ እምብዛም አይነበብም። በጥፍሬ ልልጠው ጀመርሁ።

«ተወው፣ ዋርሳዬ» አለች የወንድሜ ሚስት። «ከኋላው ስንጥቅ አለ። ነፋስ ይገባል።»

ተውሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ሰዉን አቆሙልኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ሥር ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ቆሙ። የተነበበላችሁን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ስሕተት ነው አልኋቸው። መርዙ እህሉ ውስጥ እንጂ እንፋሎቱ ውስጥ አለመሆኑን ነገርኋቸው። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አነሡ።

«ጋዜጣው ዋሽቷል ልትለን ነው?»

«አዎን፣ አባቴ። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።»

«እንዲያ ከሆነ ያኔ የተሳሳትህ ዛሬ አለመሳሳትህን በምን እንወቅ?»

ሳቅ ሆነ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ያኛው በማተሚያ የወጣ ነው፤ ይህኛው በአፍህ የመጣ ነው» አለ። «ይህንንም በማተሚያ አውጣውና እንመንህ!»

ቃሌን ራሴ ያስተማርኋቸው ያህል ተሰማኝ፤ የታተመን ማመን እኔው ነኝ የሸጥሁላቸው።

ወንድሜ ከወንዶቹ መካከል ወጣ። ያንኑ የጥምቀት ዱላውን ተደግፎ፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ፣ እስከ ጥዱ ሥር ለመድረስ ብዙ ፈጀበት። የሚያግዘው ሰው ሲመጣ በክርኑ ገፋው።

«ከእንፋሎቱ ከእኔ የበለጠ የሸሸ አለ?» አለ። «ከአጥር ወዲያ ስቆም ስትስቁብኝ አልነበረም? ‹ድስት ፈራ› ያላችሁኝ አልነበራችሁም? እሷ ላዩ ላይ ቆማ ትውል ነበር። እሷን እዩ፤ እኔን እዩ።»

ጎልማሳው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው በቀስታ «እና ምን እንብላ?» አሉ።

ሐኪሙ ያለውን ነገርኋቸው። ውሃውን ድፉ የሚለው ላይ ስደርስ ከሴቶቹ ወገን ጫጫታ ተነሣ።

«ውሃውን?»

«ጉልበቱን ደፍተን ገለባውን ለወንዶቻችን ልናበላ ነው?»

«ይህ የከተማ ሰው ነው፤ ውሃ ከቧንቧ ይመጣለታል! ወንዝ ወርዶ የሚቀዳው እሱ አይደለም!»

እውነታቸውን ነው፤ ውሃው ከታች ከገደሉ ሥር በእንስራ ነው የሚወጣ። ሐኪሙ ይህን አላሰበም፤ እኔም አላሰብሁም። ነገሩ ሊፈርስ ሲል አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሡ። የመንደሩ አዋላጅ እንደሆኑ ወንድሜ ነግሮኛል፤ ሴቶቹ ሁሉ ጸጥ አሉላቸው።

«ገባኝ» አሉ። «እንፋሎት ከየት ነው የሚነሣው? ከውሃው ነው። ድስቱ ሲከደን እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይተኛል። ይህ ሰው ውጭ ሆኖ አላሸተተም፤ ግን የተኛውን እንፋሎት በዋንጫ ጠጣው! ውሃውን ከደፋነው እንፋሎቱስ ከየት ይመጣል?»

«እውነት ነው!» አለች አንዷ። «እውነት ነው» አሉ ሌሎቹም። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ሳይቀሩ «ይህ ነገር ያስኬዳል» አሉ። ቄሱ ወደ እኔ ዘወር ብለው «እንዲህ ነው አይደል?» አሉኝ።

እንዲህ አልነበረም። አንድም ቃሉ እውነት አልነበረም። ደንቤ፣ ሥራዬ፣ የመጣሁበትም ምክንያት ‹አይደለም› እንድል ያዙኛል። ካልሁ ግን ውሃው እንደማይደፋ ፊታቸው ላይ አየሁ። ወንድሜ በዱላው ተደግፎ ያየኛል። አፌ ውስጥ ያ የሆስፒታሉ ምሬት ተመለሰ።

«ውሃውን ድፉ» አልሁ። «ሁለት ጊዜ ድፉ።»

ከዚያ መንደር ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው መሰበሩን አልሰማሁም። የሌሎቹን መንደሮች ነገር አላውቅም። ጋዜጣው እዚያም ደርሷል፤ ማስተካከያው ግን መሳቢያ ውስጥ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ የወንድሜ ሚስት ከማለዳ ጀምሮ የተዘፈዘፈውን ጓያ ይዛ ወጣች። ከቤቱ ጎን ጉድጓድ ቆፍራ ውሃውን ደፋችው። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እንፋሎት የሚባል ነገር አልነበረውም።

«ደግማ ሌባ መሰለች!» አለ ወንድሜ ከደጃፉ ተቀምጦ። እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እህሉ የቀረበትን ድስት አስቀምጣ ወደ እኔ መጣችና ወንድሜ በማይሰማው ድምፅ ጠየቀችኝ።

«እንግዲያ እንፋሎቱ ነበር ማለት ነው። አሮጊቷ እንዳሉት። ውሃው ላይ የተኛው እንፋሎት ነው እንጂ፣ የሰጠሁት ውሃ አይደለም። አይደለም እንዴ?»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ገባኝ። ስለ ጓያ አልነበረም የምትጠይቀኝ። በየጧቱ ወፈር ያለውን፣ ከሥር ያለውን እያለች ስለሞላችው ዋንጫ ነበር።

«እንፋሎቱ ነው» አልኋት።

ትንፋሿን ለቀቀች። ጉድጓዱን አየችው።

«አፈር ላልብሰው? እንዳይነሣ።»

ያ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ከጉድጓዱ ይመጣል።

«አልብሺው» አልሁ። አካፋውን አንሥቼም አብሬያት አፈር መለስሁ።